ከተራራ ሥር የኖረ ወረዳ፦ የኖርዳል ታሪክ

በኖርዌይ ምዕራባዊ ክፍል፣ ባሕሩ በጠባብ ሸለቆ ሰርጎ ገብቶ ከተራሮች እግር ሥር በሚተኛበት አገር፣ ኖርዳል የሚባል ወረዳ ነበረ። «ነበረ» ማለቴ መሬቱ ጠፍቶ ወይም ሕዝቡ ተሰዶ አይደለም። ቤቶቹ ቆመዋል፤ ጀልባው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ እንጆሪውም በየዓመቱ ይለቀማል። ያከተመው ወረዳው ራሱ ነው። ከ1838 ጀምሮ 182 ዓመት የቆየው የኖርዳል ምክር ቤት በ2019 መጨረሻ በሩን ዘጋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን ኖርዌይን የምናውቃት በመልክዓ ምድሯ ሳይሆን በሰዎቿ ነው። በ1948 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን ሠራተኞች በሲዳማና በጌዴኦ ምድር ወንጌል ሰብከዋል፤ ሕሙማንን አክመዋል፤ ትምህርት ቤት ከፍተዋል። ይህ ሚስዮን በ1891 በርገን በምትባለው የምዕራብ ኖርዌይ ከተማ ሲመሠረት ያሰበው ቻይናን ነበር፤ ወደ እኛ ያዞረው የቻይና በር መዘጋት ነው። ታዲያ ከዚያ የባሕር ዳርቻ የመጡ ሰዎችን አያቶቻችን በቅርብ ሲያውቁ፣ እኛ ግን አገሩ ምን እንደሚመስል ጠይቀን አናውቅም። ኖርዳል ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መግቢያ ይመስለኛል፤ ትንሽ ነው፣ ታሪኩ ግን ጥልቅ ነው።

ፊዮርድ የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ እንረዳ። በበረዶ ዘመን ከተራሮቹ ወደ ባሕር የወረደው የበረዶ ግግር ሸለቆዎቹን እየፋቀ ከባሕር ወለል በታች ድረስ ቆፈራቸው። ግግሩ ሲቀልጥ ባሕሩ ገብቶ ሞላቸው። ስለዚህ ፊዮርድ ወንዝም ሐይቅም አይደለም፤ በተራራ መካከል የተኛ የባሕር ክንድ ነው። ግራና ቀኙ ገደል፣ ውኃው ጥልቅ፣ ለሰው የተረፈው መሬት ደግሞ ወንዞች በየአፋቸው ያከማቹት ጠባብ ለም ደለል ነው። ኦሌሱንድ ከምትባለው የወደብ ከተማ ተነሥቶ በጀልባ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ብዙ ሰዓት ተጉዞ መጨረሻ ላይ ሁለት የውኃ ጣቶች ያገኛል። ከእነርሱ በአንደኛው ዙሪያ ኖርዳል፣ አይድስዳልና ቫልዳል የተባሉት መንደሮች ተቀምጠዋል። ሌላው ታፍዮርድ ይባላል፤ በእርሱም ጫፍ በስሙ የሚጠራው መንደር አለ። የወረዳው ስፋት ከ900 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ነዋሪው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። የቀረው ሁሉ ድንጋይ፣ በረዶና ግጦሽ ነው።

አካባቢው በታሪክ መጽሐፍ የገባው በሽሽት ምክንያት ነው። ንጉሥ ኦላቭ ሃራልድሶን ኖርዌይን ክርስቲያን ለማድረግ በስብከትም በሰይፍም ይታገል ነበር፤ ሰይፉ ይበዛ እንደ ነበር መሸሸግ አያስፈልግም። ባላባቶቹ ከዴንማርኩና ከእንግሊዙ ንጉሥ ከክኑት ጋር ሲያብሩበት ጊዜ መሸሽ ግድ ሆነበት። በ1028 እና በ1029 መካከል በነበረው ክረምት አምስት መርከቦች ይዞ ወደ ፊዮርዱ ጥግ ገባ፤ ዛሬ ሲልተ በሚባለው ሜዳ ላይ መርከቦቹን ወደ የብስ ጎትቶ ድንኳን ተከለ። የአይስላንዱ ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን እንደሚተርከው፣ የሸለቆው አለቃ ብሩሴ የሚባል ገበሬ ነበር። ንጉሡ በሸለቆው ወጥቶ ወደ መሃል አገር መሻገር ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀው። ብሩሴም መንገዱን ትልቅ የድንጋይ ናዳ እንደ ዘጋው፣ ሰውም ከብትም እንደማያልፍበት ነገረው። ሆኖም ሰው ተጠራ፤ ብዙ ሰዎች ለፍተው ድንጋዩን ማንቀሳቀስ አቃታቸው። በኋላ ንጉሡ ጸለየ፤ ከዚያም ቀድሞ መቶ ሰው ያልነቀነቀውን ቋጥኝ ሃያ ሰው ያንቀሳቅሰው ጀመር ይላል ታሪኩ። መንገዱ ተከፈተ፤ ኦላቭ ወደ ስዊድን፣ ከዚያም ወደ ሩስያ ምድር ተሻገረ። በ1030 መንግሥቱን ለማስመለስ ሲመጣ ስቲክለስታድ ላይ ተገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቅዱስ ተብሎ ተሰየመ።

ስኖሪ ይህን የጻፈው ከድርጊቱ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ንጉሡ ቅዱስ ስለ ሆነ፣ ተራኪዎች የቅዱስ ተግባር ሊፈልጉለት ግድ ነበር። እንግዲህ የመቶውንና የሃያውን ቁጥር እንደ መዝገብ መውሰድ አይገባንም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አካባቢ የተጻፈው የመጀመሪያው ታሪክ፣ ገና ከጅምሩ፣ ከተራራ ስለ ወረደ ድንጋይ ነው። የሸለቆው ሰው ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ተራራው እንደሚናድ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከስኖሪ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ የራሱን ጨመረበት፤ ኦላቭ የባሕር ዘንዶ ይዞ በሲልተ ተራራ ገጽ ላይ እንደ ወረወረው ይነገራል፤ በዓለቱ ላይ የሚታየው የተጠማዘዘ መስመርም ዛሬ ድረስ «የኦላቭ እባብ» ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን ተሐድሶ መጥቶ የቅዱሳን አምልኮ ሲቀር፣ የኦላቭ ስም ከመሠዊያው ወረደ እንጂ ከዓለቱ አልተፋቀም።

በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት የሕዝቡ ኑሮ ከገደሉ ጋር የተደረገ ድርድር ነበር። ሜዳው ጠባብ ስለ ሆነ እርሻው ወደ ላይ፣ በገደል ወገብ ላይ ወዳሉ ድርድሮች ወጣ። በሞቃቱ ወራት ከብቱንና ፍየሉን ወደ ከፍተኛው ግጦሽ እየነዱ በዚያ በትናንሽ የእንጨት ጎጆዎች ይከርማሉ። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያካሂዱት ሴቶች ነበሩ፤ ያልባሉ፣ ይንጣሉ፣ አይብ ይሠራሉ። በኖርዳል ካሉት እንዲህ ዓይነት ሰፈሮች ሄርዳል የሚባለው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቆይቷል፤ ዛሬም በመቶ የሚቆጠሩ ፍየሎች ይወጡበታል። አይቡ ለእኛ አስገራሚ ነው። እኛ አይቡን ወስደን አጓቱን እንደ ተረፈ ነገር እንቆጥረዋለን፤ እነርሱ ደግሞ አጓቱን ለብዙ ሰዓት እያማሰሉ ቀቅለው፣ ውኃው ሲተን የወተቱ ስኳር ተጠብሶ ቡናማ እስኪሆን ያደርሱትና ጣፋጭ ጠንካራ አይብ ያወጡበታል። በድሀ አገር ምንም አይጣልም።

ኖርዌይ ያኔ በእርግጥ ድሀ አገር ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከምዕራቡ ሸለቆዎች እጅግ ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ዛሬ በነዳጅ ሀብቷ የምናውቃትን አገር ስናስብ ይህን እንዘነጋለን።

በ1782 የተሠራው የኖርዳል ቤተ ክርስቲያን ከእንጨት የታነጸ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። በ1863 ደግሞ በቫልዳል በኩል ሌላ ተሠራ። በሁለቱ ዘመናት መካከል ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሕግ ነው። በጥር 1837 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ገበሬዎች ከመካከላቸው ሰው መርጠው የራሳቸውን ወረዳ እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ፤ ኖርዳልም በዚሁ ሕግ በ1838 ወረዳ ሆነ። በመጀመሪያ የሚመርጡት ንብረት ያላቸው ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶች በአካባቢ ምርጫ ሙሉ መብት ያገኙት በ1910 ነው። የምክር ቤቱ አጀንዳ ዝናን የሚያተርፍ አልነበረም፦ ለአስተማሪው ደመወዝ ከየት ይምጣ? ድሀውን ማን ያብላው? የቱ መንገድ ይጠገን? ነገር ግን ሰው ራሱን ማስተዳደር የሚማረው በእንዲህ ዓይነቱ አሰልቺ ስብሰባ እንጂ በአደባባይ ንግግር አይመስለኝም። ቀድሞ ከሩቅ ከተማ የሚላክ ሹም ይወስን የነበረውን፣ አሁን እርስ በርሳቸው በስም የሚተዋወቁ ሰዎች እየተከራከሩ ይወስኑት ጀመር።

እነዚሁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ሚያዝያ 7 ቀን 1934 የደረሰባቸው።

ፋሲካ ከዋለ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ መንደሩ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ በታፍዮርድ ውኃ ዳር ከቆመው ላንግሀመረን ከሚባለው ተራራ፣ ከ700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ዓለት ተገንጥሎ ወረደ። የወረደው ሁሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚሆን ይገመታል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ውኃው ለድንጋዩ ቦታ መልቀቅ አለበት። በሰፊ ባሕር ላይ ቢሆን ማዕበሉ እየሰፋ እየሳሳ ይሄድ ነበር። ፊዮርድ ግን እንደ ገንዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነውና ኃይሉ የሚበተንበት ቦታ የለውም። ናዳው በወደቀበት አካባቢ ውኃው ከ60 ሜትር በላይ ወደ ገደሉ ወጣ። ከዚያም ጉዞውን ወደ መንደሮቹ አደረገ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀው የነበሩት ሁለት መንደሮች፣ በፊዮርዱ ጫፍ ያለው ታፍዮርድና በዳሩ ያለው ፍዮሮ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተመቱ። ሦስት ትልልቅ ማዕበሎች ተከታትለው መጡ። ትልቁ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ይህ ለአንዳንዶች የመዳኛ ፋታ ሲሰጥ፣ ያለፈ መስሏቸው የዘገዩትን ግን ከኋላ የመጣው ያዛቸው። በታፍዮርድ ውኃው 16 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። የውኃ ዳር ቤቶች ከመሠረታቸው ተነቅለው ተሰባበሩ፤ ጀልባዎች በእርሻ መካከል ተገኙ። ጨለማ ነበር፤ ብርድም ነበር። ሲነጋ 40 ሰዎች ሞተዋል፦ 23 ከታፍዮርድ፣ 17 ከፍዮሮ።

አርባ የሚለውን ቁጥር ከትልልቅ የዓለም አደጋዎች ጋር ስናነጻጽረው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የወረዳውን ልክ አስቡ። በአንድ ምክር ቤት የሚከራከሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ፣ ልጆቻቸው በአንድ ክፍል የሚማሩ ሰዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ አርባ መቃብር ሲቆፈር፣ የማይመለከተው ቤት አይኖርም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው «ማንም ሳያስበው የመጣ መቅሠፍት» ተብሎ ነው። ይህ አገላለጥ ትክክል አይደለም። በላንግሀመረን ያለው ስንጥቅ ከአደጋው በፊት ለብዙ ዓመታት ይታወቅ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎችም እየሰፋ መሄዱን አስተውለው ነበር። የጎደለው እውቀት ሳይሆን እውቀቱን ወደ ውሳኔ የሚለውጥ ነገር ነው። ስንጥቁ ዛሬ ይወርዳል ወይስ ከመቶ ዓመት በኋላ? የሚለካ መሣሪያ የለም፤ የሚያስጠነቅቅ ደወል የለም፤ ሌላ የሚሄዱበት ለም መሬትም የለም። በቅርብ ባለው በሉን ሸለቆም ይኸው ነበር የሆነው። በ1905 ናዳ ሐይቁ ውስጥ ወድቆ 61 ሰው ሞተ፤ የተረፉት እዚያው ሠሩ። በ1936፣ ከታፍዮርድ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ያው ተራራ እንደ ገና ተንዶ ከ70 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሩቅ ሆነን «ለምን ተመለሱ?» ማለት ቀላል ነው። አባት ያቀናውን፣ ድንጋዩን ለቅሞ አፈር የሞላበትን ጠባብ መሬት ትቶ መሄድ ግን ለገበሬ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ይህን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ታፍዮርድም ተመለሰች። ሌላው ምክንያት ውኃው ነው፤ የገደለው ሳይሆን ከተራራ የሚወርደው። በ1917 የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያው ጣቢያ ኃይል ማመንጨት ጀምሮ ነበር፤ ኃይሉም እስከ ኦሌሱንድ ይደርስ ነበር። በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄዶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዛካሪያስ የሚባለው ግድብ ተሠራ፤ ቁመቱ 96 ሜትር፣ በጠባብ ገደል መካከል እንደ ቀስት የታጠፈ የኮንክሪት ግድግዳ ነው። በኖርዌይ ሕግ ወንዙ የሚገኝበት ወረዳ ከኃይሉ ድርሻና ግብር ያገኛል። ስለዚህ ለትንሹ ኖርዳል ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጦሪያ የሚሆን ገንዘብ ከዚያው ከሚያስፈራው ተራራ ወረደ።

መንገድ ግን ዘግይቶ መጣ። ከቫልዳል ተነሥቶ ተራራውን የሚሻገረውን የትሮልስቲገን መንገድ ንጉሥ ሃኮን ሰባተኛ በ1936 መርቀው ከፈቱት፤ በማዶው ገደል አሥራ አንድ ጊዜ እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ በክረምት በረዶ የሚዘጋው መንገድ ነው። ከአይድስዳል ወደ ጋይራንገር የሚያሻግረው በ1955 ተከፈተ። ታፍዮርድ ከሁሉ የዘገየች ነበረች፤ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ተራራውን በስቶ በ1980ዎቹ እስኪያገናኛት ድረስ ዋናው መንገዷ ጀልባ ነበር። ቫልዳል በበኩሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከነፋስ የተከለለ ሸለቆ በመሆኑ በእንጆሪው ታወቀ። በዚያው ሸለቆ ወንዙ አምስት ሜትር ያህል በሚጠብ ስንጥቅ ውስጥ እየጮኸ ያልፋል፤ ጉድብራንድ የሚባል ሰው ሙሽራ ጠልፎ ሲሸሽ ያንን ገደል ዘልሎ አመለጠ ይባላል። ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሣው እዚያ ነው።

ዛሬ ተራራውን የሚጠብቁት መሣሪያዎች ናቸው። በጎረቤቱ በስትራንዳ ወረዳ ኦክነስ የሚባል ተራራ ገጽ በየዓመቱ በሴንቲ ሜትር እየተንሸራተተ ነው፤ ሊወርድ የሚችለው ዓለት እስከ 54 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል፤ ከ1934ቱ ጋር አስተያዩት። እርሱ ቢወርድ ማዕበሉ ለኖርዳል መንደሮችም ይተርፋል። በታፍዮርድ ዳር ያለው ሄጉራክስላም እንዲሁ በክትትል ሥር ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በራዳር፣ በሌዘርና በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በገቡ መለኪያዎች ሌት ተቀን ይታያል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ሕዝቡን ቀድሞ ለማውጣት ዕቅድ አለ፤ ማዕበሉ ይደርስበታል በሚባለው ክልል ግንባታ የተለየ ሕግ አለው። በ2015 የወጣው «ማዕበሉ» የተባለው የኖርዌይ ፊልም ይህንኑ ስጋት ይዞ ነው የተሠራው። ፊልሙ ሰዎች ወደ ኮረብታ የሚሮጡበትን አሥር ደቂቃ ያሳያል፤ የጠባቂዎቹ እውነተኛ ሥራ ግን ነገሩ ወደዚያ አሥር ደቂቃ እንዳይደርስ፣ ተራራው ከቀናት በፊት የሚሰጠውን ምልክት ማንበብ ነው። በ1934 ስንጥቁን ያየው ገበሬና ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው ጂኦሎጂስት የሚመለከቱት ነገር አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የዛሬው የሚናገርለት፣ የሚሰማውና የሚታዘዝለት አካል መኖሩ ነው።

የኖርዳል ወረዳ ፍጻሜ ከተራራው ሳይሆን ከኦስሎ መጣ። የአገሪቱ ፓርላማ ትንንሽ ወረዳዎች ተዋሕደው አገልግሎታቸውን እንዲያጠናክሩ ወሰነ፤ ጥር 1 ቀን 2020 የኖርዌይ ወረዳዎች ቁጥር 356 ሆነ፤ ከማሻሻያው በፊት 428 ነበሩ። በዚያ ቀን ኖርዳልና በቤት ዕቃ ሥራው የሚታወቀው ስቶርዳል አንድ ሆነው «ፊዮርድ» የሚል ስም ያዙ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሁለት ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ሐኪም፣ መሐንዲስና የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ቀጥሮ ማቆየት ይከብደዋል። ስሙ ግን ትንሽ ያሳዝናል። በኖርዌይ ፊዮርድ ስንት ነው! ለቱሪስት ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን ኦላቭን፣ ብሩሴን፣ የሄርዳልን ፍየሎችና ሚያዝያ 7ን ይዞ የኖረ ስም በወል ስም ተተካ።

ሆኖም ስሙ ጨርሶ አልሞተም። በደቡቡ ዳር ያለው መንደር እስከ ዛሬ ኖርዳል ይባላል፤ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ስም ይጠራል። ከሊንገ ወደ አይድስዳል የሚሻገረው ጀልባ መኪናና ሰው ጭኖ ፊዮርዱን ይቆርጣል። በታፍዮርድና በፍዮሮ የሟቾቹ መታሰቢያ ቆሟል፤ ከውኃው ማዶ ላንግሀመረን ላይ ዓለቱ የተገነጠለበት ቦታ ከዘጠና ዓመት በኋላም እንደ ጠባሳ ይታያል።